ዛፍ የሌለበት ሩጫ

ኮልፌ፣ ግንቦት 21 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሜ ነገሬ፣

በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው፤ አንተ ግን አታየውም። የማይላክ ደብዳቤ ለምን ይጻፋል ብትል፣ እውነቱን አንድ ቦታ ካላስቀመጥኩት ነገ በምልክልህ ውስጥ ሾልኮ ይወጣብኛል ብዬ ነው።

ሰብሌ ሞታለች። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተስቦ ያዛት፣ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሄደች። ልጅህ ገበያነሽ ግን አለች። አልጋው ሥር የተኛችውን ሕፃን አንድ ቀን እንኳ ሳያተኩሳት በሽታው እናቷን በላባት። እግዚአብሔር ምን እንደሚመርጥ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ መጠየቅ ትቻለሁ።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ሚስትህ ናት። በየካቲቱ እልቂት ማግስት አንተን የፊጥኝ አስረው ከወሰዱህ በኋላ፣ ደብዳቤህን የምታነብልኝም መልሱን የምትጽፍልኝም እሷ ነበረች። ሆዷ ሲገፋ፣ «እማማ፣ እኔ ወልጄ ስተኛ ማን ያነብልዎታል?» አለችኝና በልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ በከሰል ሀ ሁ ጻፈችልኝ። የጣሊያኖቹን ሸሚዝ ሳጥብ ፊደሉ አብሮ ይታጠባል፤ እሷ ደግማ ትጽፋለች። በሃምሳ ዓመቴ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። አሁን ድንጋዩ ላይ የሚጽፍ የለም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በተቀበረች በማግስቱ ነው። የጎረቤታችን የሐጂ ከሊፋ ልጅ፣ ሾፌሩ ረሻድ፣ እንደ ሁልጊዜው ከካሚዮኑ ወንበር ሥር አወጣልኝ። አንዷን ቃል በሦስት ትንፋሽ እያነበብኩ ጨረስኩት። ጣሊያኑ ካፒቴን በአሰብ በረሃ መንገድ የሚሠሩትን እስረኞች በእኩለ ቀን ሊያሮጥ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ይወራረድባችኋል። ሦስት ጊዜ ትሮጣላችሁ። በሰኔው ሩጫ ሃያ ሰው ይቀራል፣ በሐምሌው አምስት፣ በነሐሴው አንድ። ያ አንዱ የመለቀቂያ ወረቀት ይሰጠዋል። «ሰብሌን ለአዲስ ዓመት አያታለሁ» ብለህ ጽፈሃል።

እኔ ይህን አንብቤ ምን ልበልህ? መርዶ በወረቀት አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በልቶ ላደረ ሰው ነው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ፣ ትከሻውን የሚይዘው ሰው ከኋላው ቆሞ። አንተን በዚያ በረሃ ማን ይይዝሃል? ጠባቂው?

ሐጂ ከሊፋን ጠየቅሁት። መቁጠሪያውን እየቆጠረ ቆይቶ፣ «ዋጋነሽ፣ የሚሮጥን ሰው በስሙ አትጥሪው፤ ዞሮ ሲያይ ይወድቃል» አለኝ። ረሻድንም ትንፍሽ እንዳይል አስማለው።

እንግዲህ አልጠራህም። ይህን ወረቀት ከሰብሌ ነጠላ ጋር አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

እናትህ ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ ሰኔ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለደሜ፣

እንደምን አለህ? እኛ አለን። ክረምቱ ገና ሳይገባ ዝናቡ ጀምሯል፤ ከቤታችን እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አንተ እሳት ላይ ተቀምጠህ እኔ ስለ ብርድ ላማርርህ አልችልም።

ይህ የዶሮ ጭረት የሚመስለው የእኔ ጽሕፈት ነው። ሰብሌ በማጠቢያው ድንጋይ ላይ በከሰል እየጻፈች አስተማረችኝ፤ ከእንግዲህ ራሴ እጽፍልሃለሁ። በስተርጅና የተገኘ ነገር ያስኮራል፣ ተወኝ ልኩራ።

አባትህ በሐሩር እንዴት ይሮጥ እንደነበር ጠይቀኸኛል። ከጠፋ ጥያቄ አባትህን ማንሳትህ! ነገሬ ከአዲስ ዓለም አዲስ አበባ የጌቶችን ደብዳቤ ይዞ ሃያ ዓመት ሮጠ፤ ከያዘው አንዱንም ማንበብ አይችልም ነበር። ሮጦ ሮጦ በመጨረሻ ከእኔም ሮጠ፤ ጅማ ሌላ ሴት ቤት ሲደርስ ቆመ። ባል አልነበረም፤ እግር ግን ነበር። የእግሩን እነግርሃለሁ።

ነገሬ ተራራ አያይም ነበር። «ተራራውን እያየ የሮጠ ተራራው ጋ አይደርስም» ይላል። ዓይኑን አንድ ዛፍ ላይ ያስራል፤ እዚያ እስኪደርስ ሌላ አገር የለም። ሲደርስ ፈትቶ የሚቀጥለው ዛፍ ላይ ያስራል። ዛፍ በዛፍ እያለ ሆለታን ያልፋል። አንተም ስለ ነሐሴ አታስብ። ስለ አዲስ ዓመትም አታስብ። ሰኔ ላይ የሚፈለግብህ ሃያኛ መሆን ነው። አንደኛ አይደለም፣ አሥረኛም አይደለም። ሃያኛ ሁንና ቀሪውን ጉልበት ደብቀው።

ሙቀቱን ደግሞ ከእኔ ተማር። እጄን የፈላ ውሃ ውስጥ ስከት አይተህ ታለቅስ ነበር፤ ታስታውሳለህ? በአንድ ቀን የለመድኩት አይደለም። መጀመሪያ ለብ ያለ፣ በማግስቱ ትንሽ የጋለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ አንተ በቀትር ትንሽ ሩጥ፤ ዛሬ አንድ ድንኳን ዞረህ ተመለስ፣ ነገ ሁለት። ማዞር ሲጀምርህ አቁም፤ የማይቆም ጀግና ሳይሆን ሬሳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከአሰብ በኩል የሚመጡ ሾፌሮችን ሸሚዝ አጥባለሁ። ጀርባው ላይ ነጭ ቀለበት በቀለበት ላይ ተደርቦ ይመጣል። ምን እንደሆነ በምላሴ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ከሰውነት ይህን ያህል ከወጣ መመለስ አለበት። በጨው አገር ተቀምጠህ ጨው አታጣም፤ በምትጠጣው ውሃ ውስጥ እንባ እንባ እስኪል ጨምርበት። ይህን ለማንም አትንገር። የመለቀቂያው ወረቀት አንድ ነው።

ገበያነሽ ትስቃለች። ስትስቅ አፍንጫዋ እንደ አንተ ይሸበሸባል።

ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለደሜ፣

አራተኛ? ማን አራተኛ ሁን አለህ? ሃያኛ ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ ጽሕፈቴ አይነበብም እንዳትል ሌላውን ሁሉ አንብበሃል። ካፒቴኑ ካየህ፣ ሌሎቹም ካዩህ በኋላ ምን ትደብቃለህ? ልብህ የአባትህ ነው፤ ማንም በማይጠብቀው ቦታ ቀድሞ ይደርሳል።

ተቆጥቼ ጀመርኩ፤ ይቅር በለኝ። ደህና መሆንህን ያነበብኩት ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። እግርህ ሥር የተላጠውን በዘይት እሸው። የካሚዮን ዘይትም ቢሆን።

ሰብሌ ለምን አንድ መስመር አትጨምርም ብለሃል። ሰብሌ ደክሟታል። አሁን መጻፍ አይሆንላትም። እኔ ያልኩትን አንብብ።

ይልቅ ልጅህን ልንገርህ። ጥርስ አውጥታለች! ሁለት፣ ከታች፣ እንደ ሩዝ። ረቡዕ ዕለት የረሻድን ሚስት ሃጂራን ጡቷን ነክሳ አስጮኸቻት። ሃጂራ፣ «ይህች የክርስቲያን ልጅ በጾም ሥጋ ልትበላ ነው!» ብላ ግቢውን በሳቅ ሞላችው። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

«እዚህ አንድ ዛፍ የለም፤ ዓይኔን ምን ላይ ልሰር?» ያልከውን ብዙ አሰብኩበት። ድንጋይ ክምር ካለ ድንጋይ ክምር ላይ። ከሌለ ሰው ላይ እሰር። ያ የጉለሌው ልጅ፣ ኃይለ መስቀል ያልከው፣ ውሃውን የሚያካፍልህ፣ ከሁላችሁ ይቀድማል ብለሃል አይደል? ጀርባው ላይ እሰር። ከሱ አትራቅ፣ አትለፈውም። በሐሩር ፊት የሚሄድ ነው የሚከፍለው። እሱ ይክፈል። ደግ ልጅ ነው ብለሃል፤ ደግ ቢሆን ጥሩ፣ ግን አትዘንለት። ለእኔ ያዘነ የለም።

ሐምሌ ላይ አምስተኛ። አምስተኛ ማለት አምስተኛ ነው።

ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለልጄ፣

አምስተኛ ሆንክ! ሐጂ ከሊፋ ቤት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነው የጮህኩት። ሽማግሌው ደንግጦ በአንድ እግር ጫማ ወጣ። እንደ ሞኝ አየኝ፤ ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ዱዓ አደረገ።

በዚህ ደብዳቤህ ስለ ሰብሌ ምንም አልጠየቅክም። እንደማትጠይቅ ሳይ፣ እንደ አባትህ ሩጫው ልብህን ይዞታል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንደዚያው ሁን። አሁን ከሩጫው በቀር ምንም የለም።

ጨርቅህን እርጥብ አድርገህ ማጅራትህ ላይ ጣል። ከሩጫው በፊት ትንሽ ትንሽ ጠጣ እንጂ አትጋት፤ የሞላ እንስራ ይፈሳል። ስትሄድ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ሂድ። መዞሪያው ላይ የቆመውን በርሜል ዞረህ ስትመለስ ነው ሩጫው የሚጀምረው።

እና ስለ ጠየቅኸኝ ነገር። ጓደኛ ቢወድቅስ ብለሃል።

አባትህ አንድ ጊዜ ከወዬሳ ከሚባል ጓደኛው ጋር ሲሮጥ፣ ወዬሳ ሆለታ ወንዝ አጠገብ ደም ተፍቶ ወደቀ። ነገሬ አልቆመም። ደብዳቤውን አድርሶ ሲመለስ ነው ያነሳው። ሲያነሳው ሬሳ ነበር። ያን ጊዜ እኔ አባትህን አረመኔ ብዬ ሰደብኩት፤ ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ዛሬ ግን እናት ሆኜ እጽፍልሃለሁ፤ አትቁም። ኃይለ መስቀል እናት እንዳለችው አውቃለሁ። እሷም ለልጇ ይህንኑ ትጽፍለት ነበር፣ መጻፍ ብትችል። እኔ ያለኝ አንተ ነህ።

ይህን ጽፌ ደግሜ አነበብኩት፤ አልሰረዝኩትም።

ዋጋነሽ


ከበረሃ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1930 ዓ.ም.

እምዬ፣

አንደኛ ወጣሁ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ረሻድ በሚቀጥለው ጉዞው ይዞኝ ይወጣል።

ሁሉንም እንዳልሽኝ አደረግሁ። ኃይለ መስቀል ከፊቴ ነበር። በርሜሉን ዞረን ስንመለስ ዓይኔን ጀርባው ላይ አሰርኩ። ሸሚዝ አልነበረውም፤ የአከርካሪውን አጥንት እቆጥር ነበር። ካፒቴኑና ጓደኞቹ ከሸራው ጥላ ሥር ሆነው ያፏጫሉ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረን ጀርባው መድረቁን አየሁ። የሁላችን ጀርባ ላብ ያንጠባጥባል፤ የሱ ደረቅ ነበር። ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው መወላገድ ጀመረ። ዞሮ «ደሜ» አለኝ። ወደቀ።

አልቆምኩም።

መስመሩን ካለፍኩ በኋላ ውሃ ይዤ ተመለስኩ። ያፈሰስኩለት ሁሉ በአፉ ዳር ወረደ። ለሦስት ወር ከጣሳው ግማሹን እየሰጠኝ ኖረ፤ እኔ የጨዉን ነገር አልነገርኩትም። ለማንም አትንገር ብለሽኛል። አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ማታ ማታ ጣሳዬ ውስጥ ጨው ስጨምር እጄን በጀርባዬ የምደብቀው እኔ ነበርኩ፣ አንቺ አይደለሽም።

ሌላውን ልንገርሽ። የሰብሌን ነገር አውቃለሁ።

ገበያነሽ የሃጂራን ጡት ነከሰች ብለሽ ሳቅሽ። እናቷ እያለች ልጄ ለምን የሃጂራን ጡት ትጠባለች? ረሻድን ጠየቅሁት። መቼም ታውቂዋለሽ፣ «ሚስትህ አንተን ረስታ እኔን ልታገባ ነው» ሳይለኝ ውሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ቀልዱን ትቶ ጎማውን በእግሩ እየመታ ቆየ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩሽም።

ተቆጥቼሽ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በቀትር መሮጤን ተውኩ። ሞቴን እዚሁ ልጠብቅ ብዬ ድንኳኑ ውስጥ ተኛሁ። ከዚያ ያንን ሁሉ መስመር፣ ድንጋይ ላይ በከሰል የተማርሽውን ፊደል፣ እሷን ቀብረሽ እንደመጣሽ ስትለቅሚ ታየሽኝ። ለሕፃኗም ለአንቺም ስል ተነሳሁ።

ስመጣ ቤት አልገባም። ሐጂ ከሊፋ ቤት አድራለሁ፤ አብልተው ያስተኙኝ። ሲነጋ ሰዎቹን ይዘሽ ነይ፤ እንደ ደንቡ ይነገረኝ። የሚያውቅ ሰው እንዴት ያለቅሳል ብለሽ አትስጊ። እስካሁን አንድ ጠብታ አላለቀስኩም፤ ላቤ ይበቃል ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ግን ለእኔም ሰው ፈልጊልኝ፤ ሦስት አራት ሽማግሌ። የኃይለ መስቀል እናት ጉለሌ ናት፤ መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ከዚህ ማንም አይነግራትም። እኔም በወረቀት አልነግራትም።

ልጅሽ ደሜ


ኮልፌ፣ መስከረም 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለደሜ፣

ይህን ረሻድ ሲያገኝህ ይሰጥሃል። መንገድ ላይ አንብበው።

ሰዎቹን አግኝቻለሁ። ለአንተ ጠዋት ስድስት ሰው አለ፤ ሐጂ ከሊፋ፣ «እኔ ከኋላው ሆኜ ትከሻውን እይዛለሁ» ብሏል። ለጉለሌው ደግሞ መሪጌታ ገብረማርያምንና ሁለት ሽማግሌዎች ለምኛለሁ። እኔም እመጣለሁ። አትምጪ እንዳትለኝ።

ቤቱን አስቀድሜ ልወቀው ብዬ ትናንት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ጽሕፈት ስለማትችል ሴት የጻፍኩትን ከአፌ ማውጣት ፈልጌ ይሆናል። መንገድ ዳር ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች። ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፤ ጥርሷ ሙሉ ነው።

«ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሹት፣ እመይቴ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከየት መጡ? ይህ ጭቃ የጉለሌ ጭቃ አይደለም።»

«ከኮልፌ።»

«በኮልፌ ነጭ ሽንኩርት ጠፋ? ውይ፣ እግርዎን!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እየመረጠች ታወራ ጀመር። ልጇ በረሃ መሆኑን፣ ጣሊያኖቹ እንደሚያሮጡት አንድ ሾፌር እንደነገራት። «ሕፃን ሆኖም ሲላክ ሄዶ አያውቅም፣ ይሮጣል። ጨው አምጣ ስለው ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶት ይመጣል» አለች። «ለመስቀል ይደርስልኛል።»

 ጨው ስትል ዓይኔን ወደ ሽንኩርቱ መለስኩ።

«እርስዎስ ልጅ አለዎት?»

«አለኝ።»

«የት ነው?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

«እግዜር ያግባልዎ!» አለችና አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመረችልኝ። «ይህ የልጅዎ ነው።»

አልቀበልም ብል ለምን ትለኛለች። ተቀበልኩ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ከጉለሌ ኮልፌ ድረስ ተሸክሜው መጣሁ፤ እንደ እሱ የከበደኝ ነገር የለም። አትዘንለት ብሎ የጻፈልህ እጅ ነው የተሸከመው። አላበሰልኩትም። በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

እስከ ዛሬ ሩጥ ሩጥ ስልህ ኖሬአለሁ። አሁን ግን አትሩጥ። ደሴ ላይ ረሻድ ሸክም ሲያወርድ አታጣድፈው። እዚያ አንድ ቀን እደር፤ ሁለትም ቢሆን። ገበያነሽ ደህና ናት፣ እኔም እችላለሁ።

አንተ እስክትደርስ ድረስ ያች ሴትዮ ልጅ አላት።

እናትህ ዋጋነሽ